ኖቡን የሰደበው ሽማግሌ

«ንገራት እንጂ አንተ ዱዳ! አፍህን ምን ያዘው?»

ዘለቀ የጮኸው ስልኩ ላይ ነበር። ከሚሠራባት የፓርኪንግ መስታወት ክፍል ውጭ ግን አንዲት ሴት በመኪናዋ መስኮት የፓርኪንግ ቲኬቷን ዘርግታ ስለነበር ለእሷ መሰላት። ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። ዘለቀ ስልኩን ደረቱ ላይ ለጥፎ «ሶሪ ማዳም፣ ሶሪ፣ ካርቱን ነው፣ ካርቱን» አላትና መውጫውን ከፈተላት። ሴትዮዋ በኋላ ማሳያ መስታወቷ እያየችው ወጣች።

ስልኩ ላይ የጃፓን ባቡር ጣቢያ ይታያል። ሳዬ የምትባለው ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ባቡሩ በር ላይ ቆማለች። ኖቡ የሚባለው ልጅ ፊት ለፊቷ አፉን ከፍቶ ቆሟል፤ ካፉ ግን አንዲት ቃል አትወጣም። በሩ ተዘጋ፣ ባቡሩ ሄደ፣ ዘፈን ተከፈተ፣ የሠሪዎቹ ስም መውረድ ጀመረ። ዘለቀ ከስሞቹ በኋላ አንድ ነገር ይኖራል ብሎ እስከ መጨረሻው ጠበቀ። ምንም የለም።

ነገሩ «የቀጭኑ ግድግዳ ጎረቤቶች» ይባላል። የጀመረው ጃፓኖች ማንጋ በሚሉት፣ በሥዕል በሚተረክ መጽሐፍ ነው፤ የዘለቀ ልጅ ሶሊያና ከመወለዷ በፊት። ኖቡና ሳዬ አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ይዋደዳሉ። መዋደዳቸውን ከሁለቱ በቀር ሠፈሩ በሙሉ ያውቃል። ኖቡ ሊነግራት ሲል ድመት ትገባለች፤ ሊነግራት ሲል ያስነጥሰዋል፤ ሊነግራት ሲል የሒሳብ መምህሩ ከቁጥቋጦ ውስጥ ብቅ ይላል። ሶሊያና ስትወለድ ሁለቱ የሃይስኩል ተማሪዎች ነበሩ። ሶሊያና ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ ይዛለች፤ እነሱ ዛሬም ሃይስኩል ናቸው። መጽሐፉ የቤቱን መደርደሪያ ሞልቶ ሶፋው ሥር ገብቷል። ሁለት ጊዜ ደግሞ አኒሜ ሆኖ፣ ሥዕሉ እየተንቀሳቀሰ፣ ለቴሌቪዥን ተሠርቷል፤ አንዱ የድሮ፣ አንዱ አዲስ።

ዘለቀ የገባበት በእንግሊዝኛ ሰበብ ነው። ሶሊያና «ከሥር የሚጻፈውን እያነበብክ እንግሊዝኛህን ኢምፕሩቭ አድርግ» ብላ የድሮውን ከፈተችለት። እንግሊዝኛው አልተነቃነቀም፤ እሱ ግን ያለ ኖቡ መዋል አቃተው። መጽሐፉንም ሞክሮት ነበር። የጃፓን መጽሐፍ ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚነበብ ማን ነግሮት? ከመጨረሻው ገጽ ጀምሮ ወደ ፊት አነበበና ኖቡና ሳዬ መጀመሪያ ተዋደው፣ ቀስ በቀስ ተራርቀው፣ መጨረሻ ላይ ጨርሶ የማይተዋወቁ ሆኑ ብሎ አዝኖ ሰነበተ።

ቅዳሜ በመሆኑ መሀል ከተማው፣ ዳውንታውን፣ ጭር ብሏል። ለልጁ ደወለ።

«ሶሊ፣ ሄደች እኮ!»

«ማን? አባ፣ ምን ሆንክ?»

«ሳዬ! ባቡር ተሳፍራ ሄደች! ያ በግ ዝም ብሎ አያት!»

ሶሊያና ሳቀች። «ኦ፣ የድሮውን ጨረስከው! አባ፣ እሱ እኮ ሪል ኤንዲንጉ አይደለም። መጽሐፉ ሳያልቅ አኒሜው ደረሰበት፤ ሶ ዝም ብለው ከራሳቸው ፈጥረው ጨረሱት። አዲሱን እይ፤ እሱ መጽሐፉን ነው ፎሎው የሚያደርገው።»

«ከየት ይጀምራል?»

«ከመጀመሪያ።»

«ከመጀመሪያ? ድመቷም እንደገና ልትገባ?»

«የስ። ድምፃቸው ብቻ ነው ሌላ።»

«መጽሐፉስ አልቋል?»

«ኖ፣ ገና ነው።»

«ታዲያ እኔ በሕይወት እያለሁ ይነግራታል?»

«አላውቅም አባ። ማታ ራት አብረን ነን?»

«አይ፣ ሽምግልና አለብኝ። ለመኩሪያ፣ ለባለ ሊሞዚኑ።»

«ዋው! ጋሽ መኩሪያ ሊያገባ ነው? ማንን?»

ዘለቀ ቲኬት እንደሚቀበል ሰው እጁን በመስኮቱ አወጣ። መኪና አልነበረም።

«አባ፣ ማንን?»

«ሥርጉትን።»

«ዌይት። የኛን እትዬ ሥርጉትን?»

«የኛ የሚባል ነገር የለም። ሥርጉት ሥርጉት ናት።»

«ኦኬ አባ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ኖቡን ለምንድነው የምትሰድበው?»

ዘለቀ መኪና መጣብኝ ብሎ ስልኩን ዘጋባት።

እውነቱ ግን ይሄ ነው፤ ዘለቀ ሥርጉትን ይወዳታል። የሶሊያና እናት ካረፈች ወዲህ፣ ለቅሶ ደራሽ ወደ ቤቱ መምጣት ያቆመ ጊዜ፣ የሐበሻ ሱቅ በሞላበት በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለው የሥርጉት ምግብ ቤት ምሳውን መብላት ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታ በልቶ አያውቅም። ደግሞ ሞኝ አይደለም፤ እሷም እንደምትጠብቀው ያውቃል፣ ወይም የሚያውቅ ይመስለዋል። ታዲያ ምን ያዘው? ወግ። ወንድ ልጅ ሄዶ ላግባሽ አይልም፤ ሽማግሌ ይልካል። ፌርፋክስ ላይ ደግሞ ሽማግሌ ማለት ዘለቀ ነው። እሱ የቆመበት ጋብቻ ፈርሶ አያውቅም። ዘለቀ ራሱን ለማን ይላከው? ለሌላ ሰው ቢነግር ሰውየው መኪናው ጋ ሳይደርስ ወሬው ሐበሻ የሞላበትን ሚድ ሲቲን ያዳርሳል። ይሁን ብሎ ቢልክና እምቢ ብትለውስ? ምሳውን የት ይበላል? ዝም አይነቅዝም ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው ነውና ዝም አለ።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ መኩሪያ፣ ሽቶው ቀድሞት፣ «ጋሽ ዘለቀ፣ እርስዎ ካልሄዱልኝ ማን ይሄድልኛል?» ብሎ መጣ። እምቢ የሚል ሽማግሌ ምክንያት መስጠት አለበት። ምክንያቱ ነበረው፤ መናገሪያው አፍ ነው የጠፋው። «እሺ» አለ። የሥርጉትን ታላቅ ወንድም ጌታሁንን ደውሎ ያስፈቀደውም ራሱ ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው።

ከሥራ እንደወጣ በፒኮ ጎዳና በኩል ፌርፋክስ ገባና መኪናውን ከጀርባ ፓርክ አደረገ። መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ ላይ፣ ሌላ ሰው እንዳይዘው፣ ሥርጉት እንደ ሁልጊዜው ብርጭቆ ገልብጣለች። ፀጉሯን ተሠርታለች። ጎመን በሥጋውን አቀረበችለትና ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። በምሳ ሰዓት ተቀምጣ አታውቅም።

«ወንድሜ ደውሎልኝ ነበር፤ ዛሬ ሽማግሌ ይመጣል አለኝ» አለች። «የደወልክለት አንተ ነህ አሉ፣ ጋሼ ዘለቀ።»

«አዎ።»

«ማነው የላካችሁ?»

«እሱ እዚያ ነው የሚነገረው። ወጉ ነው።»

«ወጉን ተወው። ማነው?»

«ሥርጉት፣ ወግ እኮ ነው።»

«እሺ፣ ደህና ሰው ነው?»

ዘለቀ ጎመኑን እያየ መለሰ። «ደህና ሰው ነው። ሠራተኛ ነው፤ አይጠጣም።»

«አንተስ ምን ትላለህ? ላግባው?»

ድመት አልገባችም። አላስነጠሰውም። የሒሳብ መምህር ከየትም ብቅ አላለም። ሥርጉት ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ትጠብቀዋለች፤ በዓለም ላይ የሚከለክለው ነገር አልነበረም።

«እኔማ ሽማግሌ ነኝ» አለ። «ሽማግሌ ምን ይላል?»

ሥርጉት ተነሥታ ሳህኑን አነሳችው።

«አልጨረስኩም እኮ!»

«እኔ ጨርሻለሁ» አለችና ወደ ኩሽና ገባች።

አመሻሹ ላይ ዘለቀ ሱፉን ለብሶ ሁለቱን አብረውት የሚሄዱትን ሽማግሌዎች በመኪናው ጫነ። አንደኛው ከእሱ በዕድሜ ብዙ የሚበልጡት፣ ከዘራ የማይለያቸው ጋሽ ጸጋዬ ናቸው። ሁለተኛው የመኩሪያ አጎት አቶ አበበ ነው። አቶ አበበ መንገዱን በሙሉ ስለ መኩሪያ አወራ፤ መኩሪያ ስንት ሊሞ እንዳለው፣ መኩሪያ ኮሌስትሮሉን እንዴት እንዳወረደ።

«ዘለቀ፣ ምነው ዛሬ አፍህ ተያዘ?» አሉ ጋሽ ጸጋዬ ከኋላ ሆነው።

«ድራይቭ እያደረግኩ ነው፣ ጋሼ።»

«ሌላ ጊዜም እኮ ድራይቭ ታደርጋለህ።»

ጌታሁን የሚኖረው ሚድ ሲቲ ካሉት አፓርታማዎች ባንዱ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከረባት አስሮ በር ላይ ተቀበላቸው። ሥርጉት እንደ ወጉ አልታየችም፤ ኩሽና ውስጥ ሳህን ሲንቀሳቀስ ብቻ ይሰማል።

«ግቡ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ» አለ ጌታሁን።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ጸጋዬ፣ ከዘራቸውን ምንጣፉ ላይ ተክለው። ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገርና ደህና መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። የሴቷ ወገን ደግሞ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ ሄዳችሁ ተመለሱ ነው የሚለው። ይህን ሁሉም ያውቃሉ፤ ጌታሁን ቃሉን አዘጋጅቶ ነው የጠበቃቸው። ሦስቱ ሽማግሌዎች ተሰልፈው ቆሙ። ዘለቀ መካከል ላይ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ አቶ ጌታሁን፣ እግራችንን ያለ ነገር አላነሳንም። ዝምድና ፈልገን ነው የመጣነው። ልጃችን ሥራ ወዳድ ነው፤ ሰው አክባሪ ነው፤ ቤት ይወዳል። ስለዚህ ልጃችሁን ሥርጉትን ለልጃችን ለ…»

እዚህ ላይ ቆመ።

«ለ…» አለ እንደገና።

ኩሽና ውስጥ የነበረው የሳህን ድምፅ ጠፋ። አቶ አበበ በክርኑ ጎሸም አደረገው። ዘለቀ አፉ ክፍት መሆኑ ተሰማው። ይህን አፍ ጠዋት አይቶታል። ባቡር ጣቢያው ላይ የነበረው የዚያ በግ አፍ ራሱ ነው፤ የቀረው የበሩ መዘጋት ነው። ከኋላው የጌታሁን ሶፋ ነበር፤ ዘለቀ ተቀመጠ።

ሌሎቹ ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደቆሙ ናቸው።

«ጋሽ ዘለቀ፣ አመመዎት እንዴ?» አለ ጌታሁን።

«አላመመኝም።»

«ተነሳ እንጂ!» አለ አቶ አበበ በሹክሹክታ። «ገና እሺ መች ተባልን?»

«አቶ አበበ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። አቶ ጌታሁን፣ የላከን መኩሪያ ነው። ደህና ሰው ነው፤ ስለ እሱ የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው። እኔ ግን ለዚህ ጉዳይ ሽማግሌ መሆን አልችልም፤ ቀድሜ መናገር ነበረብኝ። እኔም ባለጉዳይ ነኝ።»

«የምን ባለጉዳይ?» አቶ አበበ ጮኸ። «ከመቼ ወዲህ?»

«ቆይቷል።»

ጋሽ ጸጋዬ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። አቶ አበበ ስልኩን ከኪሱ አወጣ፤ ለመኩሪያ ምን ብሎ እንደሚነግረው ሲቸግረው መልሶ ከተተ። ጌታሁን ከረባቱን ነካ ነካ አደረገ።

«እኔ እንግዲህ… ሄዳችሁ ተመለሱ ልል ነበር ያሰብኩት» አለ። «አሁን ለየትኛው ነው የምለው?»

ሥርጉት ከኩሽና ወጣች። የሚታጩ ሴቶች በዚህ ሰዓት አይወጡም። እሷ ግን የሳህን ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መካከላቸው መጥታ ቆመች።

«አቶ አበበ፣ ጋሽ መኩሪያን ስላሰበኝ አመሰግናለሁ በሉልኝ። እንደማይሆን ግን ንገሩልኝ፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።» ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ወንድም ጋሼ፣ ሽማግሌዎቹን አስቀምጥልኝ፤ ቆመው ደከማቸው። ዘለቀ ግን ይነሳ። ስንት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ ሲያየኝ ኖሯል፤ ዛሬስ ቆሞ ያናግረኝ።»

ዘለቀ ብላ ስትጠራው፣ ጋሼ ሳትል፣ ያን ቀን ገና መስማቱ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ አቶ አበበ እያጉረመረመም ቢሆን። ዘለቀ የሶፋውን ክንድ ተደግፎ ተነሣ። ለሌላ ሰው የሚሆን ንግግር ሞልቶታል፤ ለራሱ የሚሆን አንድም አልነበረውም። ሥርጉት ትጠብቀዋለች። ጋሽ ጸጋዬ አዘኑለት መሰለኝ፣ ከዘራቸውን አንስተው እንደ ወጉ ጀመሩለት።

«እንግዲህ አቶ ጌታሁን፣ ልጃችን ዘለቀ…»

ዘለቀ እጁን አነሳ።

«ይተዉ ጋሼ» አለ። «እኔው ልንገራት።»