ቻርጅ እምቢ ያለው ስልክ

በስልክ ጉዳይ በዚያ ሰፈር ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልተፈጠረም፤ ይህን ያለችው ደግሞ ራሷ ናት። አክስቷ ፀጉር ቤት ውስጥ ሹሩባ እየሠራች፣ የደንበኛ ስልክ በተጨናነቀ ቁጥር «ወዲህ በይው!» ትላለች። አጥፍታ ታበራዋለች። ከዳነ ሙያዋ ነው፤ ካልዳነ ዕድሜው ነው። አክስቷም «ኢንጂነሯ» የሚል ስም አውጥታላታለች። ስሙ ሹፈት መሆኑን ኢንጂነሯ እስካሁን አልጠረጠረችም።

ታዲያ ከሰሞኑ የራሷ የኢንጂነሯ ስልክ ቻርጅ እምቢ አለ። ገመዱን ስትሰካው ግማሽ መንገድ ገብቶ ይቆማል፤ ስትለቀው ተንሸራቶ ይወድቃል። መጀመሪያ በገመዱ አመካኘችና ሌላ ገዛች። ቀጥላ በመብራት አመካኘች። በመጨረሻ «በቃ፣ ይሄ ስልክ አለቀለት» ብላ ሞቱን አወጀች። አዲስ መግዛት አለባት፤ ያውም ዛሬ።

ነገሩ ግን የዋዛ አልነበረም። እስከ ዛሬ የሠራችው ሹሩባ ሁሉ ፎቶው ያለው እዚያ ስልክ ላይ ነው። አዲስ ደንበኛ «ይቺ ፍልፈል የምታክል ልጅ ናት የምትሠራኝ?» በሚል ዓይን ስታያት፣ አፏን የምታስይዘው በፎቶዎቹ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ካስኩ አለ፤ ሴቶቹ ጭንቅላታቸውን አስገብተው ፀጉር የሚያደርቁበት። አክስቷ «የራስሽን ካስክ ይዘሽ ነይ፣ የጥጉ ወንበር ያንቺ ነው» ብላታለች። የጥጉ ወንበር ማለት የራስ ደንበኛ ማለት ነው። «ጥረጊ፣ ፎጣ እጠቢ» ከመባል መገላገል ማለት ነው። መንገድ ማዶ ያለችው ፀጉር ሠሪ ቤቱን ልትለቅ ስለሆነ ካስኳን እየሸጠች ነው፤ እስከ ማታ እጠብቅሻለሁ ብላታለች። ኢንጂነሯ ያጠራቀመችው ግን ለአንዱ እንጂ ለሁለቱ አይሆንም።

«ስልኩ ትንሽ ቢቆይ ምናለበት?» አለች አክስቷ የደንበኛ ፀጉር በቢጎዲን እየጠቀለለች።

«አንቺ ደግሞ! ባለ ቁልፍ ስልክ ይዘሽ በዚህ ነገር አትግቢ እስቲ። ባትሪው ቀይ ሆኗል እኮ አክስቴ! አሁን ድርግም ቢል ፎቶዎቼ አብረው ይቀበራሉ!»

«ማን ተቀበረ?» ብለው ጮኹ ካስክ ውስጥ ያሉት ወይዘሮ። ካስክ ውስጥ የገባ ሰው አይሰማም፤ ስለማይሰማም ይጮኻል።

«ስልኳ ነው!» ብላ አክስቷም ጮኸች።

«ውይ! ነፍስ ይማር! ልጆች ነበሩት?»

ኢንጂነሯ ሽርጧን እንደታጠቀች ወጥታ ሄደች። ስልክ ቤቱ ግን ተዘግቷል። በሩ ላይ «ምሳ ላይ ነን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በመስታወቱ ውስጥ የምትፈልገው ስልክ ተኮፍሶ ያያታል። አንኳኳች፤ ማንም የለም። «ለምሳ ዘግተዋል» እያለች ኩርፊያዋን ይዛ ተመለሰች።

«መጣሽ? እስቲ ፀጉር ማስያዣ አቀብይኝ» አለቻት አክስቷ።

ኢንጂነሯ እጇን ሽርጧ ኪስ ከተተች። ማስያዣው ሲወጣ ስልኩ ተከትሎ ወጣ፤ ስልኩን ማበጠሪያ ተከተለው፤ ማበጠሪያውን ደግሞ የድመት ግልገል የሚያህል የተቆረጠ ፀጉር ተከተለው።

አክስቷ እጇ ቀጥ አለ። «ስልክሽን የምታስቀምጪው እዚህ ነው?»

«ኪሴ ነዋ! የት ላስቀምጠው?»

«ከዚህ ሁሉ ጥራጊ ጋር? አምጪው።»

«ምን ልታደርጊው ነው? አክስቴ፣ ተይ! ኧረ አጥፊው መጀመሪያ!»

ስልኩን አጠፉት። አክስቷ ስንጥር አንስታ ቻርጅ መሰኪያው ቀዳዳ ውስጥ ቀስ አድርጋ አስገባችና ጎተተች። መጀመሪያ አንድ ክር መጣ። ከዚያ ቅባት የጠጣ፣ የተጠቀጠቀ፣ የሰው ሁሉ ቀለም ያለበት ፀጉር እየተመዘዘ ወጣ። የጥቁሩም የቀዩም ደንበኛ ድርሻ አለበት።

ገመዱን ሰኩት። ቀጭ ብሎ ገባ። ትንሽዬዋ የባትሪ ምልክት አረንጓዴ ሆና ብቅ ስትል ኢንጂነሯ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለች። ስልኩን አብርታ ፎቶዎቿን አንድ በአንድ አየች፤ ሁሉም አሉ። የሰነበተው ጭንቀት ከደረቷ ላይ ሲነሳ፣ ሳታስበው ብቻዋን ሳቀች። ከዚያም ተስፈንጥራ ተነስታ መንገዱን ተሻገረች።

ካስኩን ከሻጯ ጋር ተሸክመው መጥተው ጥጉ ላይ ተከሉት። ኢንጂነሯ ወንበሯ ላይ እግሯን አጣምራ ተቀመጠችና ፀጉራቸው ደርቆ ከካስክ ወደ ወጡት ወይዘሮ ዞረች።

«እኔ እኮ ሁሌም የምለው ነው እትዬ፤ ስልክ ለመቀየር አይቸኮልም። አስተዋይ ሰው ይጠብቃል።»

አክስቷ ቀና እንኳን አላለችም። «ባለሱቁን ባይርበው ኖሮ፣ ይሄኔ አዲስ ስልክ ይዘሽ ወለሌን እየጠረግሽ ነበር።»