ቀንዷ የታመመ ላም

ካርቶኑ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ላዩ ላይ «ታብሌት፣ አንድ» ከሚል በቀር ምንም አልተጻፈበትም። የተቀበለው ሰው ታብሌት ማለት ክኒን መሆኑን ያውቃልና፣ ያለ አንዳች ክፋት ወደ መድኃኒት መጋዘን ላከው። እዚያ ከወባ ክኒን ጎን ሰንብቶ ሲከፈት ጠፍጣፋ ነጭ ሰሌዳና እስክሪብቶ የሚመስል ነገር ሆኖ ተገኘ። የማይዋጥ ክኒን ነው ብለው እየሳቁ ለባለቤቱ ቢሮ መለሱት።

የቢሮው ንብረት ክፍል ኃላፊ አቶ ጥዑመልሳን ግን አልሳቁም። እሳቸው ለቃል የሚጠነቀቁ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ጎጃም ውስጥ ቅኔ ተምረዋል፣ ድቁናም ተቀብለዋል። ኋላ የመንግሥት ሥራ ወደ ጋምቤላ ሲያመጣቸው ቅኔውን ትተው ቢመጡም ጥንቃቄውን ይዘው ነው የመጡት። የአማርኛ ስም የሌለው ዕቃ ከእጃቸው አይገባም። ስለዚህ መዝገበ ቃላት ገለጡ። «ታብሌት» ከሚለው ፊት ለፊት መጀመሪያ «ክኒን» ይላል፤ የሱን መዘዝ አይተውታል። ሁለተኛው ትርጉም ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩ። «ጽላት» ይላል።

ከዚያ በኋላ ሰሌዳውን በአንድ እጁ ይዞ የሚያልፍ ሰው ካዩ ይቆጡ ጀመር። ጠረጴዛው ላይ ራሳቸው በሁለት እጃቸው አስቀመጡት። በባዶ እንጨት ላይማ አላስቀመጡትም። ለቤተ ክርስቲያን ካባ ሲሰፋ የተረፈ የሚያብረቀርቅ ጨርቅ ከቤታቸው አምጥተው ከሥሩ አነጠፉ፤ በግራ በኩል ስለተረፈም ደራርበው አጠፉት። «ከዚህ እንዳይነሣ» ብለውም አዘዙ። እታገኝ ይህን ስታይ ሳቋን አፍና፣ ጌጥ ነው ብላ አለፈችው።

እታገኝ የቢሮው ታይፒስት ናት። ወላጆቿ በሰፈራው ዘመን ከወሎ መጥተው አቦቦ፣ ከአልዌሮ ግድብ ወዲህ፣ እስካሁን በቆሎ ያርሳሉ። አዲስ አበባ ሄዳ ጥቂት ሳምንት ኮምፒዩተር ተምራ ተመልሳለች። ኮምፒዩተር በዓይኑ ያየ ሁሉ ባለሙያ በሚባልበት በዚያ ጊዜ፣ ሥዕል ወደ ኮምፒዩተር ያስገባል የተባለውን ሰሌዳ እንድታሠራ የተመረጠችው እሷ ነበረች። እምቢ ማለት አልቻለችም፤ ደግሞም ማየት ፈልጋለች።

ክልሉ ክልል ከሆነ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። ማኅተሙ አዲስ፣ ወንበሩ አዲስ፣ ስብሰባው አዲስ። ከሁሉ አዲስ ግን ልጆች አፍ በፈቱበት ቋንቋ ሊማሩ መሆኑ ነበር። የአንደኛ ክፍል የኑዌርኛ መጽሐፍ ተጽፎ አልቋል። ሥዕሉን የሠራችው ከኢታንግ የመጣች ኛቾል የምትባል መምህርት ናት፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ስትስል ከንፈሯን የምትነክስ።

ኛቾል ሥዕሎቹን አንድ ጊዜ በወረቀት ስላ ወደ ማተሚያ ቤት ልካ ነበር። እዚያ ያለው ሠዓሊ አዘነላትና «አረመላት»። የላሟን ረጅም ቀንድ አሳጠረው፣ ሻኛዋን ኮረብታ አሳከለው፣ ከኋላዋ ደግሞ ተራራ ጨመረላት። ከሥሯ «ያንግ» የሚል ቃል አለ፤ በኑዌርኛ ላም ማለት ነው። ኛቾል ገጹን ለሙከራ ይዛ ክፍል ስትገባ ልጆቹ ሥዕሉን አዩና በአንድ ድምፅ «የደገኛ በሬ!» ብለው አነበቡ። ደግማ ጠየቀች፤ «የደገኛ በሬ!»

«ልጅ ፊደል አያምንም፤ ሥዕል ነው የሚያምን» አለች ለእታገኝ ስታጫውታት። «ሥዕሉ ከዋሸ ፊደሉም ይዋሻል።»

አሁን ማተሚያ ቤቱ ቃል ገብቷል፤ ሥዕሉ በዲስኬት ከመጣ ማንም ሳይነካው እንዳለ ይታተማል። ዲስኬቱ በዓርቡ አውሮፕላን ካልደረሰ ግን ተራራ ያላት ላም ትታተማለች፤ ልጆቹም በሰው ላም ማንበብ ይጀምራሉ። ቀኑ ረቡዕ ነው፤ የሌሎቹ ገጾች ሥዕል ቀላል ስለሆነ ይደርሳል ተብሎ ከላሟ ተጀመረ።

መጀመሪያ እስክሪብቶው ሙት ነበር። ኛቾል ሰሌዳውን ብትፍቅ፣ ብትነካ፣ ስክሪኑ ዓይኑን አያርገበግብም። እታገኝ ከኮምፒዩተሩ ጀርባ ተንበርክካ ገመዶቹን ስትመረምር፣ ማውሱና ሰሌዳው በአንድ በር እንግባ እያሉ ሲጣሉ አገኘቻቸው። አንዱን በሌላ በር አስገባች፤ ለፕሮግራሙም የት እንዳለ ነገረችው፤ ኮምፒዩተሩን አጥፍታ አበራች።

«እስኪ አሁን።»

ኛቾል እስክሪብቶውን አሳረፈች። ሰሌዳው ላይ ምንም የለም፤ ነጭ ነው። ስክሪኑ ላይ ግን ጥቁር መስመር ከምንም ተነሥቶ ማደግ ጀመረ። እጇን ስትመልስ ይመለሳል፣ ስታዞር ይዞራል። ደንግጣ እጇን ሰበሰበችና መዳፏን ገልብጣ አየችው።

«እታገኝ፣ እጄን ማን ወሰደው?»

እታገኝ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። አዲስ አበባ ሳለች ደብዳቤ ስትጽፍበት ኮምፒዩተር ለሷ የተሻለ ታይፕራይተር ብቻ ነበር። አንዲት ሴት እጇ እዚህ ሆኖ መስመሯ እዚያ ሲበቅል ስታይ ግን፣ ዓለም አንድ ክፍል እንደጨመረች ተሰማት።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ኛቾል ላሟን ከጅራቷ ጀመረች። ጭኗ ወጣ፣ ሆዷ ወጣ፣ ጀርባዋ ረጋ ብሎ ሄደ። አንገቷ ጋ ሲደርስ መስመሩ ተንቀጠቀጠ፣ ተቆረጠ፣ ዘለለ። ቀንዱማ ከነጭራሹ የተሰባበረ አጥር ሆነ። አጥፍታ ደገመች፤ ያው ነው። ጉድና ጅራት በስተኋላ ነው ይባላል፤ የዚህች ላም ጉድ ግን ከፊት ነበር።

የቢሮው ሰው ተሰበሰበ፤ ምክር በገፍ ነው። አንዱ ቬንትሌተሩ ነው አለ፤ ጠፋና ሁሉም በላብ ራሰ፤ መስመሩ ይንቀጠቀጣል። አንዱ አምፖሉ ነው አለ፤ ጠፋ፤ ይንቀጠቀጣል። አንዱ የጄኔሬተሩ መብራት ስለሚወላውል ነው አለ፤ እሱን እንኳ ማንም ምንም ማድረግ አይችልም። የቢሮው ኃላፊ አቶ ሙዎች ብቅ ብለው ስክሪኑን አዩና፣ «ይሄ ወባ ነው። ከክኒኑ ጋር ያን ያህል ተቀምጦ አንድ እንኳ አልዋጠም እንዴ?» ብለው ሄዱ። ሌላው ደግሞ «ላም አለኝ በሰማይ» ብሎ ጀመረ፤ የእታገኝን ፊት ሲያይ ተረቱን ሳይጨርስ ተወው።

አቶ ጥዑመልሳን እስካሁን ከዳር ቆመዋል። አሁን በለሆሳስ፣ ለማንም ሳይሉ፣ «እጅ መታጠብ ደግ ነው» አሉ።

ኛቾል ሰማች። ወጥታ እጇን በሳሙና ታጥባ ተመለሰች። እታገኝ በጣም አፈረች፤ ኛቾል ዓይን ውስጥ ያየችው ቁጣ ሳይሆን ጥርጣሬ ነበርና። ምናልባት እጄ ይሆናል እያለች ነው። ያን እጅ፣ ያን መስመር ያወጣ እጅ፣ ራሷ መጠርጠር ጀመረች።

«ኛቾል፣ እስኪ ላሟን አዙሪያት» አለቻት። «ወደ ቀኝ ትይ።»

ኛቾል አዞረቻት። ቀንዱ በቀኝ በኩል እንደ ውኃ ፈሰሰ። ጅራቱ በግራ በኩል ተሰባበረ።

እታገኝ ጮኸች። «ላሟ አይደለችም! እጅሽም አይደለም! ቦታው ነው የታመመው!»

ግን ቦታን ምን ያሳምመዋል? በደኅናው ግማሽ ብቻ እንዳትስል፣ ሰሌዳው ከስክሪኑ ጋር ልክ ለልክ ነው፤ ላሟ ግማሽ ላም ትሆናለች። እታገኝ አዲስ አበባ ወደሚገኙት አስተማሪዋ ስልክ አስደወለች። መስመሩ ሲገኝ እየራቀ፣ እየቀረበ፣ በመካከሉ የሌላ ሰው ለቅሶ እየገባበት፣ አስተማሪዋ አንድ ነገር ጠየቋት።

«ከሥሩ ብረት አለ? ብረት አይወድም።»

«ጠረጴዛው እንጨት ነው።»

«ሚስማርስ?» ብለው ሳይጨርሱ ስልኩ ተቋረጠ።

ጠረጴዛው ሥር ገብታ በእጇ ዳበሰች። ሚስማር የለም፤ በሙጫ የተሠራ ነው። ስትወጣ ትከሻዋ ከጠረጴዛው ጠርዝ የተንጠለጠለውን ጨርቅ ነካው። ሻከራት። በጣቶቿ መሀል ይዛ አሸት አሸት አደረገችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ጨርቅ ምንድን ነው?»

«ወርቀ ዘቦ ነው» አሉ አቶ ጥዑመልሳን፤ ኮራ ብለው።

«ወርቀ…» አለችና ቃሉን አፏ ውስጥ ይዛ ቆመች። «ጋሼ፣ ክሩ ወርቅ ነው ማለት ነው?»

«በወርቅ መልክ የተለበጠ የብር ክር ነው። ድሮ የመጣ፣ ዛሬ የማይገኝ።»

«እሱ ነዋ! ብረት አይወድም ብለውኛል እኮ!»

አቶ ጥዑመልሳን ፊታቸው ተለወጠ። «እታገኝ፣ ወርቅና ብር ከመቼ ወዲህ ነው ብረት የተባለ?»

የሚስቅ ሳቀ። እታገኝ ግን አልሳቀችም። ግራው ላይ የተደራረበውን እጥፋት አየች፤ ቀንዱ የሚታመመው ልክ እዚያ ነው። ጨርቁን ስባ ማውጣት ትችላለች፤ እጇ ግን አልሄደም። የሰው ክብር ስበው የሚያወጡት ነገር አይደለም።

«ሞኝ አይደለሁም» አሉ አቶ ጥዑመልሳን፤ ሳቁ ጋብ ሲል። «ይሄ ፕላስቲክ እንደሆነ አውቃለሁ። የመቅደሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ። ግን ስሙ ጽላት ከሆነ፣ በባዶ እንጨት ላይ ላስቀምጠው ልቤ እንዴት ይቻለው?»

ያን ጊዜ ኛቾል ተናገረች። ቀኑን ሙሉ ከተናገረችው ሁሉ የረዘመው ይኸው ነበር።

«ጋሼ፣ እኔም ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ሙሴን አውቃለሁ። ከተራራው ሲወርድ፣ ጽላቱ ላይ ያለው ቃል፣ ሕዝቡ የሚሰማው ቋንቋ ነበር?»

«እንዴታ! በገዛ ቋንቋቸው ነው እንጂ!»

«የእኔም ልጆች እንደዚያ ያለ ቃል ነው የሚጠብቁ።»

አቶ ጥዑመልሳን ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸውና ሰሙን ጥለው ወርቁን አገኙ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሰሌዳውን በሁለት እጃቸው አነሱና ለእታገኝ አስያዟት፤ ወርቀ ዘቦውን ራሳቸው ሰብስበው አጣጠፉት። ሰሌዳው በባዶ እንጨት ላይ ተቀመጠ።

ኛቾል ከንፈሯን ነክሳ ጀመረች። ጅራት፣ ጭን፣ ሆድ፣ ጀርባ። አንገቱ ጋ ስትደርስ ክፍሉ ውስጥ የሚተነፍስ ሰው አልነበረም። መስመሩ አለፈ። ወደ ግንባሯ ወጣ፣ ከዚያ ቀንዷን ይዞ ሽቅብ ሄደ፤ ሄደ፤ አሁን ይሰበራል ሲሉት ሳይሰበር ወደ ውስጥ ተቆለመመ። ሁለተኛው ቀንድ ተከተለው። ዓይን አደረገችላት። የዚያን ጊዜ ላሟ ዞር ብላ ያየቻቸው መሰላቸው።

እታገኝ ዕንባዋ መጣ። የአባቷን ጥማድ በሬዎች ስታይ ያደገች ናት፤ የኑዌርን ላም በየመንገዱ ጥሩንባ እየነፋ በሚያልፋት መኪና ውስጥ ሆና ሺህ ጊዜ አይታለች። እንዲህ ግርማ ያላት መሆኗን ግን እስከዛሬ አላየችም ነበር። ዓይኔ የት ነበር አለች በልቧ።

ኛቾል ከላሟ ሥር በእስክሪብቶው ቃሉን ጻፈች፤ እታገኝ ዲስኬት አስገብታ ላሟን አስቀመጠች። ከዚያ ቀና ሲሉ በሩ ላይ ዘበኛው ኳች ቆሟል። ሽበታም ነው፤ ግንባሩ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የተሰመረ፣ የኑዌር ወንድ የሚታወቅበት ስድስት ጠባሳ አለው። ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ ያውቃል እንጂ ገብቶ አያውቅም። የጩኸቱን ምክንያት ሊያይ መጥቶ፣ ላሟን አይቶ ቀርቷል።

ማንም ሳይጠራው ገባ። ስክሪኑ አጠገብ ቆሞ ቀንዷን በጣቱ ሳይነካት ተከተለው። በቋንቋው አንድ ነገር ለራሱ አለ፤ ድምፁ ወደ ዘፈን ያደላ ነበር። ከዚያ ጣቱ ወርዶ ከሥር ካለው ጽሑፍ ላይ ቆመ። እታገኝ ልትነግረው ስትል ኛቾል ክንዷን ይዛ አስቆመቻት።

ኳች ላሟን አየ። ጽሑፉን አየ። እንደገና ላሟን አየ።

«ያንግ» አለ።

ዞር ብሎ ኛቾልን በኑዌርኛ ጠየቃት። ድምፁ ቀጭን ሆኖ ነበር። ኛቾል እስክሪብቶውን አስቀምጣ ተነሣችለት።

«ምን አሉ?» አሉ አቶ ጥዑመልሳን። ዘበኛውን ከዚያ ቀን በፊት «አንቱ» ያለ የቢሮ ሰው አልነበረም፤ እሳቸውም ቢሆኑ «አንተ ኳች» ነበር የሚሉት።

«አነበብኩ ወይ? ነው የሚል» አለች ኛቾል።

አቶ ጥዑመልሳን ቀጥ ብለው ቆሙ።

«አንብበዋል በያቸው» አሉ።

ነገረቻቸው። ኳችም ወደ ስክሪኑ ዞረው፣ አሁን ጮክ ብለው፣ ደግመው አነበቡት።