ኪራይ የሚባለው ተከራይ

ወይዘሮ ይታይሽ የጓሮ ክፍላቸውን ለማከራየት ፈልገው ደላላው «ኪራይ፣ ኪራይ» እያለ ሰፈሩን ከዞረ በኋላ አንድ ንጉሥ መጣ። ዘውዱን በፌስታል ይዟል። «ጠርታችሁኝ ነበር» አለ፣ በሀንጋሪኛ።

ቋንቋውን የሚያውቁት ጎረቤታቸው አቶ ላቀው ብቻ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ቡዳፔስት የእንስሳት ሕክምና ተምረዋል። ከቀን እንቅልፋቸው ተቀስቅሰው ፊታቸውን እንዳጨማደዱ መጡ።

«በእነሱ ቋንቋ ንጉሥ ኪራይ ነው የሚባለው፣ እትዬ ይታይሽ። ድሮ ካርል የሚባል ኃያል ንጉሥ ነበር። ስላቮቹ ስሙን ወስደው ንጉሥ ለተባለ ሁሉ መጠሪያ አደረጉት፤ ክራል አሉ። ሀንጋሪዎቹ ከስላቮቹ ሰምተው ኪራይ አሉት።»

«ታዲያ ይሄ ካርል ነው?»

«አይደለም። ካርል ከሞተ ቆየ። ይሄኛው ስም የለውም፤ ማዕረጉ ብቻ ነው።»

«ማዕረግም ቢሆን ክፍሉን ከወደደው ይግባ» አሉ ወይዘሮ ይታይሽ።

ንጉሡ ገባ። ችግሩ፣ በሰፈሩ ስለ ኪራይ የማያወራ ሰው አልነበረም። ታክሲ የሚጠብቁ ሰዎች ስለ ቤት ኪራይ ሲያማርሩ ዘውዱን ደፍቶ መሃላቸው ይቆማል። ሙሽሪት የኪራይ ቬሎ ስትለካ ከመጋረጃው ጀርባ ይገኛል። ሰው በደነገጠ ቁጥር አቶ ላቀው ይጠራሉ፤ ጉርሻቸውን ሳይውጡ ተነስተው ይሄዳሉ። ስለ ካርልና ስለ ስላቮቹ ማስረዳቱ አንገሸገሻቸው።

በመጨረሻ ንጉሡን አጥር ጥግ ያዙት።

«ኪራይ በተባለ ቁጥር የግድ መሄድ አለብዎት?»

«ሌላ ስም የለኝም።»

«እንግዲያው የእኔን ይውሰዱና አንዴ ልረፍ።»

ንጉሡ አመሰገነ፤ በአማርኛ።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ጸጥ አለ። ስማቸውን የሰጡት ሰውዬ ምሳቸውን በሰላም በሉ። ሰፈርተኛው ንጉሡን ላቀው ይለው ጀመር። ቀጥሎ የእድሩን ሊቀ መንበር ላቀው አሉት፣ ቀጥሎ አለቃ የተባለን ሁሉ፣ ቀጥሎ አባወራን ሁሉ። «የእናንተ መሥሪያ ቤት ላቀው ማነው?» ይባባላሉ። ሰውዬው ሊያስረዱ አፋቸውን ከፈቱና ታከታቸው፤ ተዉት።

እሑድ ዕለት ባለቤታቸው ከወጥ ቤት ብቅ ብለው «ላቀው፣ ምሳ ቀርቧል» አሉ።

ሰውዬው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ጥሪውን በደንብ ሰሙ፤ ግን ለእሳቸው አልመሰላቸውም።

በየግቢው በር ተከፈተ። ከየቤቱ አንድ አንድ አባወራ ወጣ። ሁሉም እጃቸውን ታጥበው፣ ውሃው ከጣታቸው እየተንጠባጠበ፣ ቀስ ብለው ወደ ሰውዬው ቤት ይመጡ ነበር።