የወቀሳው ሸክላ

ሸክላ ሦስት ዓይነት ነው። ሆሳዕና ውስጥ ይህንን ከእኔ በፊት የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔም አወቅሁ ብዬ አፌን አላሳረፍኩም። ትንሹ በየፊቱ አንድ አንድ ዘፈን ይይዛል፣ ከሦስት ደቂቃ ብዙም አያልፍም። መካከለኛው በመጠኑ ትንሹን ይመስላል፣ ግን በየፊቱ ሁለት ሁለት ዘፈን አለው። ትልቁ በአንድ ፊቱ ብቻ ሃያ ደቂቃ ይሄዳል። ሻይ ቤቴ የገባውን ሁሉ በዚህ ትምህርት አደነቁረው ነበር። ዕውቀቴ ለሰው የሚጠቅምበት አንድ ቀን ቢመጣ፣ በዚያች ቀን ዋሸሁ።

በ1961 ዓ.ም. የጃጁራው ዳኘ ሦስት ቀን ታሞ ሞተ። ሚስቱ ገነቴ የሦስት ወር ልጅ ታቅፋ ቀረች። ልጅቷ ትርፊት ትባላለች።

በዳኘ ቤተሰብ ዘንድ የቆየ ደንብ አለ። ለሟቹ የሚያለቅስለት ሰው መጀመሪያ ይወቅሰዋል። ሰነፍ ነበርክ፣ ኩሩ ነበርክ እያለ ጥፋቱን አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ ከቀብሩ በኋላ ሌላ ሰው የሚለው እንዳይኖር ነው። ከዚያ ዞሮ እያንዳንዱን ወቀሳ ይመልሳል። ወቀሳ ሳይመለስ ከቀረ ሟቹ በደንብ አልተቀበረም ይላሉ። ገነቴ ባሏን ስድስት ጊዜ ወቀሰችው፣ ስድስቱንም መለሰችለት። ማሳህን ዳዋ ሲውጠው ጥላ ሥር የተኛህ ሰነፍ አለችው። ዞራ ደግሞ፣ የተኛው ሌሊቱን የጎረቤት ላም ሲያዋልድ ስላደረ መሆኑን ተናገረች። እኔም ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ፤ ሲያልቅ ያላለቀሰ አልነበረም።

ከአርባው በኋላ ሻይ ቤቴ መጣችና ሸክላ ማጫወቻዬ፣ ፒክ አፑ ፊት ቆመች።

«ጋሼ ሀብቴ፣ ትርፊት አባቷን አታውቀውም። ስታድግ ማን ምን ብሎ እንደሚነግራት እግዜር ይወቅ። ለቅሶዬን ሸክላ ላይ አስገባልኝና እሷው ትስማው።»

«ሩብ ሰዓት ከሆነ ትልቁ ላይ ነው የሚገባው» አልኳት፣ እንደ ሊቅ።

አማቷ፣ የዳኘ አባት አቶ ጠናም ፈቀዱ። «ወቀሳው ከተመለሰ እኔ ምን ቸገረኝ» አሉ። ሸክላ ቤቶቹ የሚቀበሉት አማርኛውን ነው ስለተባልን፣ የሀዲይኛውን ለቅሶ ሦስት ሳምንት ተቀምጠን በአማርኛ አበጀነው። ያንን ያደረግነው እኔና እሷ ነን፤ ባናደርገው ኖሮ የሺንሺቾ ገበያተኛ ሁሉ ቃል በቃል ባልሰማው።

አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ አንድ ሸክላ አሳታሚ ዘንድ ይዣት ገባሁ። ሰውየው ትልቁን ሸክላ ስጠራለት ሳቀብኝ።

«የማትታወቅ ሴት በትልቁ? መጀመሪያ ትንሹ ነው። እሱ ከተሸጠ ባለ አራት ዘፈኑ፣ ከዚያ ዕድሜ ከሰጣት ትልቁ።»

«እሺ ባለ አራቱ ይሁን፤ ወቀሳው በአንድ ፊት፣ መልሱ በሌላው» ብዬ ለመንኩት። እምቢ አለ። በመጨረሻ በትንሹ ተስማማን፤ ወቀሳው ክፍል አንድ፣ መልሱ ክፍል ሁለት ተብሎ። ገነቴ የሩብ ሰዓቱን ለቅሶ እየቆረጠች ስድስት ደቂቃ ውስጥ ከተተችው። አኮርዲዮን ጨመሩበት፣ ከበሮ ጨመሩበት። ሁለቱንም ክፍል ሳትሳሳት አንድ ጊዜ ዘፍና ወጣች።

ከዚያ ውሉ መጣ። እሷ ማንበብ አትችልም፣ እኔ አነበብኩት። የሸክላውን ሁለተኛ ፊት አሳታሚው እንደፈለገ ያደርጋል ይላል። ሰውየው ጥግ ወሰደኝና «ከኋላዋ ስም ያለው ዘፋኝ ካላደረግሁ ማን ይገዛታል? መልሷ በሚቀጥለው ይወጣል» አለኝ። ወረቀቱን ቀድጄ መውጣት ነበረብኝ። ግን ሸክላው ላይ የሻይ ቤቴን ስም ሊያትምልኝ ቃል ገብቶ ነበር፤ ስሜ ፒያሳ መስኮት ላይ ሲሰቀል ታየኝ። እውነቱ ይኸው ነው።

ገነቴ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ ቀና አለች። «ሁለቱም አለ?»

«አለ።»

አሻራዋን ጫነች።

ሸክላው በወጣ በወሩ ከሆሳዕና እስከ ሾኔ ያልተጫወተበት ሻይ ቤት የለም። አኮርዲዮኑ እስክስታ ያስመታል። ለቅሶ መሆኑንም የጠረጠረ የለም፤ ባሏን የምትሳደብ ሴት ነው ያሏት፣ በሳቅ ሞቱላት። ሥራ የፈታ ሰው ሁሉ «ዳኘ ሰነፉ» ይባል ጀመር። እናቶች ልጆቻቸውን በሟቹ ስም ሰደቡ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ይመልሰዋል?

ገነቴ በእግሯ ከጃጁራ መጣች። «ገልብጠው» አለችኝ። ገለበጥኩት። አንድ ስም ያለው የአዲስ አበባ ጎረምሳ ስለ አንዲት ቆንጆ ዓይን ዘፈነ። የእሷ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣ መስሏት እስኪያልቅ ቆማ ሰማችው። መርፌው መጨረሻው ላይ ሲንከረከር ዞራ አየችኝ።

«የእኔስ?»

«በሚቀጥለው ይወጣል ብሏል።»

«አለ ብለኸኝ አልነበረም?»

ይህን ብላ ወጣች። የቆጡን አወርድ ብዬ የሰውን የብብቱን አስጣልኩ።

በማግስቱ ፒያሳ ሄድኩ። አሳታሚውን ክፍል ሁለት የተቀዳበትን ክር ስጠይቀው፣ ሌላ ሰው ቀድቼበታለሁ አለኝ፤ ክር ውድ ነው። ከዚያ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። «እንዲያውም በደህና ጊዜ መጣህ። ሕዝቡ ስድቡን ወዶታል። አሁን ባለ አራት ዘፈኑን እሰጣታለሁ፤ አራት ሰው ትስደብልኝ። መልሱ ይቅር፣ ያሰለቻል።» ሰው መምታት የማልችል ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ባለመቻሌ ራሴን ጠላሁት።

የዳኘ ቤተሰብ ሽማግሌዎች አቶ ጠና ግቢ ተሰበሰቡ፤ እኔም ጥግ ተቀምጬ ነበር። ገነቴ መካከላቸው ቆማ መልሱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሀዲይኛ አለቀሰችው፤ ሳትቆርጥ፣ ያለ አኮርዲዮን። አቶ ጠና ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«ልጄ፣ እኔ ቀብሩ ላይ ነበርኩ። መልሱን ዐውቃለሁ። እኛ የሰማነው ግን መቶ ሰው አንሞላም። ገበያው የሰማው ወቀሳውን ነው። እኔ ነገ በገበያው መካከል ነው የማልፈው።»

ገነቴ ሾኔ ወዳለው የወገኖቿ ቤት እንድትሄድ ተወሰነ። ልጅቷ የአባቷ ቤት ልጅ ናት፣ አትሄድም ተባለ። ብድግ ብዬ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ፤ ውሉን ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ የዋሸኋት እኔ ነኝ።

«አንተን ምን እናደርግሃለን?» አሉኝ አቶ ጠና። «አንተ የእኛ ሰው አይደለህም።»

ከዚያ የከበደ ፍርድ ተፈርዶብኝ አያውቅም። ገነቴ ልጇን አጥብታ ለልጅቷ አያት፣ ለዳኘ እናት ሰጠችና ሄደች። ከዚያ ወዲህ አንድም ለቅሶ ላይ አፏን አልከፈተችም አሉ። ሾኔ ገበያ ሁለት ጊዜ አግኝቻት ሁለቱንም ጊዜ መንገድ ቀየረች። አቶ ጠናም ዐረፉ።

የእኔን ሸክላ በእጄ ሰብሬዋለሁ። የቀሩትን ማን ሰብሮ ይጨርሳቸዋል? ባለፈው ጥር አያቷ ትርፊትን ገበያ ይዛት መጣችና ሻይ ልትጠጣ ደጄ ተቀመጠች። ልጅቷ አምስት ዓመቷ ነው። ማዶ ካለው ሻይ ቤት ሸክላው ሲጀምር ልጅቷ አብራ ዘፈነች፤ ስድስቱንም ወቀሳ አንድ ቃል ሳትስት፣ ትከሻዋን እየሰበቀች።

«አባቴ ነው እኮ» አለችኝ፣ ኮራ ብላ። ከዚያ ቀረብ ብላ «እውነት ሰነፍ ነበር?» አለችኝ።

«ሰነፍ አልነበረም። የተኛው ሌሊቱን የጎረቤት ላም ሲያዋልድ ስላደረ ነው።»

ደስ አላት። «ኩሩ የሚለውስ?»

አፌን ከፈትኩ። እናቷ መልሱን ስታለቅስ ሁለት ጊዜ ሰምቻታለሁ፣ በአማርኛም ያበጀሁት እኔ ነኝ። የመጣልኝ ግን አኮርዲዮኑ ነው፣ ከአኮርዲዮኑ ጋር ወቀሳው። ልጅቷ አምስት ጣቷን ዘርግታ፣ የቀሩትን እየቆጠረች ትጠብቀኛለች።