መብራት ላይ የሚሞት መኪና

ሊቁ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣችለት እናቱ ናት። እሷ ለሽሙጥ ያለችውን እሱ እንደ ማዕረግ ተቀበለው። አሁን ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ፖስታ ቤት፣ መስኮት ቁጥር ሦስት ላይ ተቀምጦ ጥቅል ይመዝናል፣ ማኅተም ይመታል፣ ጥቅሉን ያመጣውንም ሰው ሳይመክር አይሸኝም። ጉልበቱን ለሚያመው ሐኪም ነው፤ ጣሪያው ለሚያፈስበት አናጢ፤ ትዳሩ ለተናጋበት አስታራቂ። እሱ ራሱ ግን ትዳር የለውም፣ የሚኖርባት ክፍል ጣሪያም ያፈሳል።

ታናሽ እህቱ የልብስ ንጽህና ቤት አላት። ከባሏ ጋር ሆነው የሦስት ሆቴሎችን አንሶላና ፎጣ ያጥባሉ፣ ይተኩሳሉ፣ ጠዋት ጠዋት ያደርሳሉ። ይህን ሁሉ ጭነት የሚሸከመው በቤንዚን የሚሠራ የሃያ ስድስት ዓመት ቫን ነው። የጎን በሩ ሲዘጋ ሰፈሩ ይሰማል፣ ወንበሩም ስፖንጁ ወጥቷል፤ ያም ሆኖ እስከዚያች ሰኞ ድረስ መንገድ ላይ ጥሏቸው አያውቅም።

የዚያን ሰኞ ጠዋት ሦስቱም ፊት ወንበር ላይ ተጣበው ተቀምጠዋል። ባልየው ይነዳል፤ ሊቁ እንደ ልማዱ ፖስታ ቤት በር ላይ እስኪያወርዱት መሀል ገብቶ ይመራል። የመጀመሪያው ቀይ መብራት ላይ ሲደርሱ ቫኑ እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠ፣ ሁለት ጊዜ አነቀውና ጸጥ አለ። ባልየው አስነሳው። ሁለተኛው መብራት ላይም ጠፋ። ሲሮጥ ምንም አይለውም፤ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ነው የሚሞተው።

“ቤንዚኑ ነው” አለ ሊቁ ወዲያው። “ውሃ የገባበት ቤንዚን ቀድተህ ነው።”

“ከሁልጊዜው ማደያ ነው እኮ የቀዳሁት፣ ጋሼ።”

“እሱን ነው የምልህ! ሁልጊዜ ከዚያ ስለምትቀዳ ነው የተጠራቀመው።”

ባልየው ሰው ማሳዘን የማይወድ ሰው ነው። ማክሰኞ ቤንዚኑን ሙልጭ አድርጎ አፈሰሰና አዲስ ሞላ። ቫኑ አዲሱንም ቤንዚን እየጠጣ መብራት ላይ ሞተ። ሊቁ ለቅጽበት እንኳ አልደነገጠም። “ያልኩት ደረሰ፤ ቆሻሻው ካንዴላው ላይ ደርሷል” አለ። ረቡዕ እሳት የሚጭሩት አራቱም ካንዴላዎች ተቀየሩ። ሐሙስ ደግሞ የነዳጅ ፓምፑ ተራ ሆነ። ሊቁ ማታ ማታ በስልኩ አንድ ቪዲዮ ባየ ቁጥር፣ ቫኑ ጠዋት አንድ አዲስ በሽታ ይዞ ይነሣል። የሊቁ ምርመራ አንድም ቀን አልተሳሳተም፤ የሚሳሳተው መኪናው ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት የትልቁ ሆቴል የክፍሎች ኃላፊ ለእህትየዋ ደወለች። “እንግዶቼ ባዶ ፍራሽ ላይ ቁጭ ብለው እየጠበቁ ነው። ከእንግዲህ እንዲህ ከሆነ ሌላ አጣቢ እፈልጋለሁ” አለችና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት። እህትየዋ ወንድሟን ሳታማክር ሄዳ ከታችኛው መንገድ ያለውን ሽማግሌ መካኒክ ይዛ መጣች።

ይህን ሰው ሰፈሩ ዝምታው ይለዋል። ሞተር አጠገብ ሲቆም ስለማይናገር ነው። ኮፈኑን ከፈተ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ጣል አድርጎ አዳመጠ። ሞተሩ እየተንገጫገጨ ነው። በእጁ ትንሽ ነዳጅ ሰጠው፤ ተረጋጋ። ሲለቀው መንቀጥቀጡ ተመለሰ።

“መጀመሪያ እንዲህ ከመሆኑ በፊት” አለ በመጨረሻ፣ “ማን ነክቶት ነበር?”

“ማንም” አለች እህትየዋ።

“ማንም” አለ ባልየው።

ሊቁ እሁድ ትዝ አለው። እሁድ ዕለት፣ ባልና ሚስቱ ዘመድ ሊጠይቁ በሄዱበት፣ “ሳልነግራቸው ሥራቸውን አቃልልላቸው” ብሎ የአየር ፊልትሮውን ያጸዳው እሱ ነው። ባየው ቪዲዮ ላይ ስድስት ደቂቃ የፈጀው ሥራ እሱን ሁለት ሰዓት ወስዶበታል። የፊልትሮው ሳጥን አልወጣ ሲለው፣ መንገድ የዘጋችበትን አንዲት የጣት ውፍረት ያላት ጎማ ቱቦ ፈታት። መልሷታል? መልሷታል መሰለው። ዝናብ ማካፋት ጀምሮ ነበርና የመለሳትን ቅጽበት ሊያስታውሰው አልቻለም።

ዝምታው እጁን ወደ ፊልትሮው ሳጥን ዘረጋ። ሊቁ በደረቱ መሀል ገባ።

“እዚያ ምን ልትሠራ ነው? ችግሩ ሌላ ነው! ሞተሩ ከውስጥ ተሰንጥቋል። በድምፁ ያስታውቃል እኮ! ሞተር እንደ ሬዲዮ ቆሞ በማዳመጥ አይድንም!”

“ጋሼ፣ ሰውየውን ተወው” አለች እህቱ።

“እንዴት ተወው ትይኛለሽ? ሞተራችንን ሊበትነው ነው!” ብሎ ኮፈኑን ጓ አድርጎ ዘጋው። ሽማግሌው ጣቶቹን ለጥቂት አተረፈ።

ዝምታው እጁን በጨርቅ ጠረገ። “ከኔ የተሻለ የሚያውቅ ካላችሁ እኔን ምን አደከማችሁኝ” አለና ሄደ። እህትየዋ ወንድሟን አየችው። የምትናገረው ብዙ ነበር፤ ግን ታላቅ ወንድሟ ነውና ዋጠችው፤ ከፎጣዎቹ አንዱን እንደ አንገት ጠመዘዘችው።

በማግሥቱ ሊቁ የምሳ ሰዓቱን ሰውቶ ብቻውን ወደ ልብስ ንጽህና ቤቱ መጣ። ቁልፉን ከምስማሩ ላይ አንሥቶ ሞተሩን አስነሣው፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ ጎንበስ አለ። ጥርስ መሀል የሚወጣ ፉጨት የመሰለ ነገር ተሰማው። ቱቦዋ ከሳጥኑ ሥር ተንጠልጥላለች፤ የተነቀለችበት ቀዳዳ ባዶውን አየር እየማገ ነው። አውራ ጣቱን ቀዳዳው ላይ ቢጥል፣ ሞተሩ ጡት እንደ ጎረሰ ሕፃን ዝም አለ። ጣቱን አነሣ፤ ተንዘፈዘፈ። መልሶ ደፈነው፤ ረጋ።

ሊቁ በዕድሜው ብዙ ነገር አውቄአለሁ ብሏል። አንድን ነገር በጣቱ ነክቶ በእውነት ሲያውቅ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ልቡ እንደ ልጅ ዘለለ። ከደስታው ኋላ ደግሞ ኀፍረቱ መጣ። ‘ልንገራት’ አለ በልቡ። ‘እኔ ነኝ፣ ይቅር በይኝ እላለሁ። ሰው ይሳሳታል እላለሁ።’ ቱቦዋን በቀዳዳዋ ላይ ሰካና ንግግሩን ማሳመር ጀመረ።

እህቱ የመተኮሻ ክፍሉን በር ከፍታ ብቅ አለች። “ምን ተደረገ? መንገጫገጩን ተወ እኮ!”

ኑዛዜው ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። የወጣው ግን “አገኘሁት!” የሚል ሆነ።

“ምኑን?”

“የአየርና የነዳጁን ሚዛን! ያ ሽማግሌ ዓመት ቢያዳምጥ አያገኘውም።”

እርጥብ እጇን ሳትጠርግ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። “ትናንት በሆዴ ስረግምህ ነው ያደርኩት፣ ይቅር በለኝ” አለችው። ሊቁም ዓይኑን በጨው ታጥቦ ይቅር አላት።

ሦስት ቀን በሰላም አለፈ። ባልየው “ጋሼ እኮ እጃቸው ወርቅ ነው” እያለ ለጎረቤት ያወራል፤ ሊቁም “ኧረ ተው” ይለዋል፣ ድምፅህን ዝቅ አድርግ ግን አይለውም። በአራተኛው ቀን፣ ቫኑ እስከ ጣሪያው አንሶላ ተጭኖ፣ ከትልቁ ሆቴል በታች ካለው ዳገታማ መስቀለኛ መንገድ መሀል ላይ ተንቀጠቀጠና ጠፋ። አልነሣም አለ። ከኋላ የመኪና ጡሩንባ ተደበላለቀ። ሊቁ አፉን ከፈተ፤ እህቱ በአንድ ጣቷ አስቆመችውና ራሷ ለዝምታው ደወለች። “አባቴ፣ ባለፈው ስላየኸው ነገር አፈር ልሁን፤ ድረስልን” ብላ ለመነችው።

ሽማግሌው በብስክሌት መጣ። የፊልትሮውን ሳጥን ለማንሣት ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ቱቦዋ ተነቅላ ተንጠልጥላለች።

“አየር የሚሰርቀው በዚህ ነው” አለ ለእህትየዋ። “ሲሮጥ ብዙ ስለሚጠጣ አይታወቀውም። ሲቆም ግን ያንቀዋል።” ከዚያ እጁን ከባትሪው ሥር አስገብቶ አንዲት የብረት ቀለበት ከነብሎኗ አወጣ። “ይቺ ናት ቱቦዋን አጥብቃ የምትይዘው። በራሷ አትፈታም። ካቻቢቴ የያዘ እጅ ፈቷት፣ ሳይመልሳት ቀርቷል።”

እህትየዋ ወደ ባሏ ዞረች። “አንተ!”

“እኔ? እኔ ኮፈኑን የምከፍተው ውሃ ልሞላ ነው።”

“እና ማን ሊሆን ነው? ቫኑን የምትይዘው አንተ ነህ! ሳምንት ሙሉ እሳት ላይ ስቀመጥ ዝም ብለህ ታየኛለህ?”

ያን ሁሉ ባለመኪና ፊት ታወርድበት ጀመር። ሊቁ የቫኑን ጎማ በጥሞና ይመረምራል። ዝም ቢል ነገሩ ባልየው ላይ አርፎ ይቀራል፤ ይህም ገብቶታል፤ ዝምም ብሏል። ባልየው ጠቡ እንዲበርድ ብሎ “ምናልባት ሳላውቀው ነክቼው ይሆናል። ውሃ ስሞላ ክርኔ…” አለ።

ሊቁ ይህን ሲሰማ ሰውነቱ አልችል አለ። ኅሊናው ቆንጥጦት አይደለም። ዓይኑ እያየ የተሳሳተ ምርመራ ሊጸድቅ ሆነ እንጂ።

“በክርን!” ብሎ ጮኸ። “በክርን እንዴት ይፈታል? ብሎን እኮ ነው! በካቻቢቴ፣ ወደ ግራ፣ ሰባት ዙር አዙሬ ነው የፈታሁት!”

ዝምታው ቀና ብሎ አየው። ባልየው አንገቱን ደፋ፤ ያፈረው ለሊቁ ነው።

“መቼ?” አለች እህቱ ቀስ ብላ።

“ያን እሁድ፣ ዘመድ ልትጠይቁ የሄዳችሁ ቀን… ልረዳችሁ ብዬ ነው።”

ትጮኻለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ቀጥሎ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ በመጨረሻ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ብትሰድበው በተሻለው። እንባዋን ስትጨርስ ተነሣች፣ የኋላውን በር ከፈተችና የመጀመሪያውን የአንሶላ ጆንያ ትከሻው ላይ ጫነችበት።

“አሥራ አንድ ይቀራል፣ ጋሼ” አለችው። “ሆቴሉ እዚያ ላይ ነው።”

ሊቁ አሥራ ሁለቱንም ጆንያ በዳገቱ ተሸከመ። በስምንተኛው ላይ፣ ፖስታ ቤት ዘወትር የሚመክራቸው ጡረተኛ አስተማሪ አግኝተውት፣ አስፋልት ዳር ቆመው ሲያልፍ ተመለከቱት። ጉልበቱን እንዳይጎዳ አደራ አሉት። የክፍሎች ኃላፊዋ በር ላይ ጠብቃ “ምን ሆናችሁ ነው?” ስትለው፣ ላብ በላብ ሆኖ “መኪናውን አበላሽቼው” አለ። ምክንያት አልጨመረም። እስትንፋስ አጥሮት ነበር።

ዝምታው ቀለበቷን አጠበቀ፣ ቫኑም እስከ ማታ መብራት ሁሉ ላይ ቆሞ ሳይሞት ዋለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮፈኑን የሚከፍተው ዝምታው ብቻ ሆነ። የሊቁም መቀመጫ ኋላ፣ ጆንያዎቹ መሀል ሆነ።

በማግሥቱ መስኮት ቁጥር ሦስት ላይ አንዲት ሴት ጥቅል እያስመዘነች መኪናዋ እንዳስቸገራት ነገረችው። ሊቁ መነጽሩን አወለቀ።

“የኛም መካኒክ መጥቶ ግራ ገብቶት ነበር” አላት። “ማን እንደፈታው ባልነግራቸው ኖሮ እስከ ዛሬ አያውቁትም ነበር።”