የአፍንጮ በሩ ነጭ ቁራ

ወይዘሮ አዳነች ጓሯቸው ካለው የኮክ ዛፍ ላይ ነጭ ቁራ ማየታቸውን በስልክ ሲነግሩት፣ ልጃቸው ጌዲ ሳቀ።

«እማዬ፣ ርግብ ይሆናላ።»

«ርግብና ቁራ መለየት ያቅተኛል? ድምፁ የቁራ ነው፤ ላባው ግን ጥጥ ነው የሚመስለው።»

አፍንጮ በር ያለውን ግቢ ባላቸው ናቸው ትተውላቸው የሞቱት። ጌዲ ግቢውን አሽጦ እሳቸውን ኮንዶሚኒየም ለማስገባት ማባበል ከጀመረ ሰነባብቷል። «ብቻሽን ነሽ፤ መርሳትም አብዝተሻል» ይላቸዋል። የረሱት ነገር ቢኖር አንዴ ምድጃ ላይ ጥደው ያሳረሩት ወጥ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጌዲ ሲመጣ እጁን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱት። ቁራው ከጥቁሮቹ ተነጥሎ አጥሩ ላይ ቆሟል። ሲጠጉት ይሸሻል፤ ሲሄዱ ደግሞ ይከተላቸዋል።

«እውነትም ነጭ ነው» አለ ጌዲ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ያን ቀን አጠገባቸው ተቀምጦ ቁራውን ሲያይ አረፈደ። ስለ ሽያጩም አላነሳባቸውም። ወይዘሮ አዳነች ልጃቸው የተመለሰላቸው ያህል ደስ አላቸው።

በማግስቱ ግን ስለ ግቢው ሽያጭ ለመምከር ዘመድ ተሰበሰበ። የባላቸው ወንድም አቶ ሀብተሥላሴ ነገሩን አልወደዱትም። «ሰው በጤናው ከቤቱ አይነቀልም» አሉ።

«ጋሼ፣ ጤነኛ ብትሆንማ እኔስ ምን ቸገረኝ» አለ ጌዲ። «ሰሞኑን ጓሮ ውስጥ ነጭ ቁራ አየሁ እያለች ነው።»

«ቁራ ሲነጣ፣ አህያ ቀንድ ሲያወጣ» ብለው አቶ ሀብተሥላሴ ፈገግ አሉ። ወደ ወይዘሮ አዳነች ዞር ሲሉ ግን ፈገግታው ከፊታቸው ጠፋ።

«ትናንት አብረን አየነው እኮ፣ ጌዲ» አሉ ወይዘሮ አዳነች።

ጌዲ አላፈረም። እጃቸውን ያዝ አድርጎ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው፣ «እሺ እማዬ፣ አየነው» አላቸው። ዘመዶቹም አንገታቸውን ደፉ።

ከዚያ ወዲያ የሚከራከርላቸው አልተገኘም። ሁሉም «ልጅሽን ስሚ» አላቸው። ወይዘሮ አዳነችም የሚሰማቸው ሲያጡ ፈረሙ።

አሁን የሚኖሩት ከከተማው ዳር፣ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ክረምቱ ሲገባ የመኝታ ቤታቸው ኮርኒስ ማፍሰስ ጀምሯል። ጌዲ እሑድ እሑድ ሙዝ ይዞ ይመጣና፣ «ምን አዲስ ነገር አለ፣ እማዬ?» ይላቸዋል።

«ምንም» ይሉታል። የሚንጠባጠበውን የሚያጠራቅሙበትን ባልዲ፣ እሱ ከመድረሱ በፊት አልጋ ሥር ገፋ አድርገውታል።