መንገዱ በእኔ ማሳ ይሂድ

የመንገዱ ወሬ ሲሰማ ከኤደልሚራ በላይ ደስ ያለው ሰው አልነበረም። ባሏ ከሞተ ወዲህ የናራንሂያ ፍሬዋን፣ ያንን ጭማቂው ጥርስ የሚያጠርስ ቢጫ ፍሬ፣ በበቅሎ ጭና የኦታቫሎ ከተማ ነጋዴዎች እስከሚጠብቁበት አስፋልት የምታወርደው እሷው ራሷ ነበረች። ጉም በማይለቀው ተራራ፣ በዚያ ጭቃ፣ የምትንሸራተት በቅሎ መጎተት ምን እንደሆነ የጎተተ ያውቀዋል። ስለዚህ ዶዘር ሊመጣ ነው ተብሎ በመንደሩ አዳራሽ ሰው ሲሰበሰብ የፊቱን ወንበር ይዛ ተቀመጠች።

ሰብሳቢው ዋርሳዋ ፋውስቶ ነበር፤ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ መነጽር የሚያደርግ፣ ድምፁ ከአዳራሹ የሚተርፍ ሰው።

"መንገዱ ጅረቱን ይዞ ይወርዳል፤ ዳር ዳሩ ያለው ዛፍ ይመነጠራል፤ አለቀ! አጭር ነው፣ የማንንም ማሳ አይነካም" አለ። ሰው አጨበጨበ።

"በጅረቱማ አይሆንም" አለች ኤደልሚራ።

"ለምን፣ እትዬ?"

"እንቁራሪቶቼ አሉ።"

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። "እንቁራሪቶቼ አለች! ጠዋት ጠዋት ታልቢያቸዋለሽ እንዴ?" አለች ነገረኛዋ ጎረቤቷ ማሩሃ ከኋላ።

ኤደልሚራም አብራ ሳቀች። ሳቅ ትወዳለች፤ ስለተሳቀባት ግን ሐሳቧን የምትለውጥ ሴት አይደለችም። "ዋርሳዬ፣ ተነሳ እንሂድ። አይተህ ስታበቃ የምትለውን ትላለህ። የፈለገም ይከተለን።"

ግማሹ ሰው ወደ ጅረቱ ተከተላቸው። ኤደልሚራ ከነቦቲዋ ውሃው ውስጥ ገባችና ከላይዋ የተንጠለጠለውን አንድ ሰፊ ቅጠል ሳትቀጥፍ ቀና አደረገችው። ከሥሩ እንደ ዝልግልግ ጠብታ የተለጠፈ እንቁላል አለ፤ አጠገቡ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ አረንጓዴ እንቁራሪት ቁጭ ብሏል።

"ወንዱ ነው" አለች። "እናቲቱ ጥላ ሄዳለች፤ ተርብ እንዳይበላበት የሚጠብቀው እሱ ነው። ሲፈለፈሉ ቀጥ ብለው ውሃው ላይ ይወድቃሉ። ዛፉ ከተመነጠረ የት ይውደቁ?"

"ወንድ ልጅ ሲጠብቅ?" አለች ማሩሃ። "እባካችሁ ባሌን ጥሩትና ይይልኝ!"

ፋውስቶ አጠገቡ ሆኖ ለማየት አንገቱን ሲያሰግግ እንቁራሪቱ ዘለለና መነጽሩ ላይ ልጥፍ አለ።

"አንሱልኝ! አንሱልኝ!"

"እንዳትነቃነቅ!" አለችው ኤደልሚራ።

እንደ ምሰሶ ደርቆ ቆመ። በመስታወቱ ወዲያ፣ ዓይኑ ሥር፣ የእንቁራሪቱ ሆድ ቆዳ ያለው እንኳ አይመስልም፤ ሁሉ ነገሩ ወለል ብሎ ይታያል።

"ልቡ" አለ ፋውስቶ በሹክሹክታ። ሰው ሁሉ ድምፁ እንዲህ ሊያንስ እንደሚችል ያን ቀን አወቀ። "ልቡ ትር ትር ይላል።"

ኤደልሚራ ጣቷን አስጠግታ እንቁራሪቱን አነሳችና ወደ እንቁላሉ መለሰችው።

ፋውስቶ መነጽሩን በሸሚዙ ጠረገና ወደ ራሱ ተመለሰ። "ደስ ይላል፣ አልካድኩም። ግን እትዬ፣ ሰው መንገድ ይፈልጋል። የቀረው መሄጃ ሸንተረሩ ነው፤ እዚያ ያለው ደግሞ ያንቺ ማሳ ነው። ያውም ፍሬ ይዟል።"

ይሄ አፏን እንደሚያስይዛት ፋውስቶ እርግጠኛ ነበር።

"በእኔ ማሳ ይሂዳ" አለች።

"ሙሉውን ነው እኮ የሚበላው!"

"ማሳዬን ለእኔ ትነግረኛለህ? ናራንሂያ ደግሜ እተክላለሁ፤ እጄ አልተቆረጠ። ይሄን ማን ይተክለዋል?"



ቤቷ ስትገባ ግን ማሳዋ አሳዘናት። ማሳውን ያቀናችው ከባሏ ጋር ነበር፤ ከድንጋዩ ጋር ተጣልተው፣ ከእሾሁ ተቧጭረው። ቢሆንም ቃሏን አላጠፈችም። በነጋታው ገና ጉሙ ሳይነሳ ቅርጫትና ገጀራ ይዛ ወጣች። የበሰለውን ለቀመችና የመጀመሪያውን ግንድ መታች። እንደ ፈራችው አልሆነባትም፤ ሁለተኛውን መታች።

ከበስተኋላዋ የሰው ድምፅ ሰማች። ማሩሃ ናት፣ ቅርጫት በራሷ ላይ ደፍታ። "ብቻሽን ልትለቅሚው? ስስታም!" አለቻት። ከእሷ ኋላ መንደሩ ለደቦ ይንጋጋል፤ መጨረሻ ላይ ፋውስቶ የችግኝ ጆንያ ተሸክሞ ይመጣል።

"ከቤቴ በላይ ያለው ቁልቁለት ጦም አድሯል" አላት ዓይን ዓይኗን ሳያይ። "እዚያ ትከይ። ያንቺ ይሁን።"

"ያ እንቁላል ጠባቂው እንቁራሪት ጆንያ ተሸክመህ ቢያይህ ይኮራብህ ነበር" አለች ማሩሃ፤ ሰው ሳቀ፣ እሱም ሳቀ።

በበጋ ዶዘሩ መጣ፤ መንገዱ በሸንተረሩ ወረደ። ክረምቱ ሲገባ እንቁራሪቶቹ በጅረቱ ላይ እንደ ወትሯቸው ያፏጩ ጀመር። የአዲሱ ማሳ ፍሬ ሲደርስ ኤደልሚራ ቅርጫቶቿን መኪና ላይ አስጭና ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሾፌሩ ከኦታቫሎ የመጣ ነው፤ መታጠፊያው ላይ መሪውን እየታገለ አጉረመረመ።

"ጅረቱን ይዞ ቢወርድ ቀጥ ያለ ነበር። ይሄን ጥምዝምዝ ያመጣው ማነው በሞቴ?"

"እኔ ነኝ" አለች ኤደልሚራ። "ንዳው።"